ስሙን የማታውቀው ባለ ሐቅ

 

ገላህን ታጥበሃል፣ ካለህ ልብስ ንጹሁን መርጠሃል፣ ሽቶም ነካ አድርገሃል። ሱረቱል ካህፍን ቀርተሃል፤ ካልሆነም መንገድ ላይ እያዳመጥክ መጥተሃል። ማሻአላህ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ መኪናህን የት አቆምካት?

ኹጥባው ሊጀመር ነው፣ መስጂዱ አካባቢ ደግሞ ቦታ የለም። ስለዚህ ሁለት ጎማ ከፍ አድርገህ የብስክሌት መስመሩ ላይ ተውካት። ወይም የአንድ ሰው ግቢ በር ላይ። ስልክ ቁጥርህን ወረቀት ላይ ጽፈህ መስታወቱ ሥር አስቀመጥክና ልብህ ረጋ። ግን ለኹጥባው ብለህ የስልክህን ድምፅ አጥፍተሃል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሳይክል ወደ ሥራ የሚሄድ ልጅ መስመሩ ተዘግቶበት ወደ አስፋልት ይወርዳል፤ ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ ደንግጦ ክላክሱን ያስጮኸዋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ እናቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ የተነሳ ሰው በሩን ከፍቶ ያንተን ታርጋ እያየ ቆሟል። ደወለ፣ አልተነሳም። አንተ ሱጁድ ላይ ነህ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች አታውቃቸውም። ሰግደህ ስትወጣ ልጁ ሄዷል፣ ሰውየው ታክሲ ጠርቷል። ማንም ስላልተናገረህ ምንም ያልተፈጠረ ይመስልሃል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጊዜ ሶሐቦቻቸውን ሙፍሊስ ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። እነሱም ገንዘብም ዕቃም የሌለው ነው ብለው መለሱ። እርሳቸው ግን የኡመታቸው ሙፍሊስ በቂያማ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን አንዱን የሰደበ፣ ሌላውን የመታ፣ የሌላውን ሐቅ የበላ ሰው እንደሆነ ነገሯቸው። መልካም ሥራው ለባለ ሐቆቹ ይከፋፈላል፤ ሥራው ሲያልቅበት የእነሱ ወንጀል ወደ እርሱ ይዞራል። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል።

ጓደኛህን ብታስቀይም ደውለህ «አፉ በለኝ» ትለዋለህ። ጎረቤትህን ብትበድል በዒድ ቀን በሩን ታንኳኳለህ። ከአላህ ጋር ያለህን ጉዳይ ሌሊት ተነስተህ በተውባ ትጨርሳለህ። መንገድ ላይ የበደልከውን ሰው ግን የት ታገኘዋለህ? በኩሬ ውኃ የረጨሃት እናት ማን ነበረች? በጥሩንባ አስደንግጠህ ከነሳይክሉ የጣልከው ልጅ የት ሰፈር ይኖራል? ሌላው የሰው ሐቅ ቢያንስ አድራሻ አለው። የመንገድ ሐቅ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይታወቅም፤ ስለዚህም ከበደሉ በኋላ ከመፈለግ ይልቅ ከመውጣትህ በፊት ልታስብበት የሚገባ ሐቅ ነው።

«የመንገድ ሐቅ» የሚለው ቃል ደግሞ እኛ የፈጠርነው አይደለም። አቡ ሰዒድ አልኹድሪይ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦችን መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቋቸው። ሶሐቦቹም ሌላ መሰብሰቢያ እንደሌላቸው፣ የሚያወሩት እዚያ እንደሆነ ነገሯቸው። የሆነውን ልብ በል፤ አልተቆጧቸውም። መቀመጣችሁ የማይቀር ከሆነ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል መሆኑን ዘረዘሩ።

እዚህ ውስጥ ለዛሬ ከተማ የሚሆን ትልቅ ነገር አለ። መንገድ ለማለፊያ ብቻ የሚያገለግል ቦታ አይደለም፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሶሐቦቹን ችግር ሰምተው ተቀበሉ፤ ግን ፈቃዱን ከግዴታ ጋር አሰሩት። ሁላችንም የመጀመሪያውን ግማሽ እንወዳለን። ሹፌሩም፣ ብስክሌተኛውም፣ ነዋሪውም «ሌላ ቦታ የለኝም» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው።

አዲስ አበባን እንይ። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ይህ ሆኖ ለብዙ ዓመታት መንገድ ሲባል አስፋልት ማለት ነበር፤ እግረኛው ከአጥሩና ከቦዩ መካከል የተረፈውን ይወስዳል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል በወር አንድ እሑድ መኪና የማያልፍባቸው ጎዳናዎች ተጀመሩ፤ ልጆች መስቀል አደባባይ ላይ በሳይክልና በስኬቲንግ ሲሽከረከሩ ያኔ አየን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ተዘረጉ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን እንደ ዜና ስናወራው ይስቅብናል፤ እዚያ አባት ልጁን ከኋላ አስቀምጦ በሳይክል መሄዱ የቆየ ነገር ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን አዲስ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄ ይነሳል፦ ይህ ቦታ የማን ነው?

ሹፌሩን ጠይቀው። መንገዱ ጠበበ፣ መቆሚያ ጠፋ፣ ሳይክል ነጂው በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል፣ ማታ መብራት የለውም፣ በቀኝ ስታጠፍ ከየት እንደበቀለ ሳታውቅ ፊትህ ድቅን ይላል። ልክ ነው። ብስክሌተኛው ደግሞ መስመሩ የስሙ ብቻ ነው ይልሃል። መኪና ቆሞበታል፣ ጀብሎ ዘርግቶበታል፣ ሰው ሦስት ሆኖ ተያይዞ ይሄድበታል፤ ወደ አስፋልት ሲወርድ ታክሲው ይገፋዋል፣ የቆመ መኪና በሩን ድንገት ይከፍትበታል። እሱም ልክ ነው። ነዋሪውም የሚለው አለው። መንገዱ ሲሰፋ ቤታቸውና ሱቃቸው የተነሳባቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ያ ቀለም የተቀባ መስመር የጠፋ ጉርብትና ነው። ከዋናው መንገድ መጨናነቅ የሸሹ መኪኖች በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ላይ ይፈተለካሉ፤ ትናንት ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ዛሬ አቋራጭ ሆኗል። በዚህ የተቆጣ ነዋሪ ንዴቱን በሳይክል በሚያልፈው ልጅ ላይ ሲወጣ ግን ዙልም ነው፤ ልጁ መንገድ አላሰፋም፣ ቤትም አላፈረሰም።

እና ማን ይቅደም? ዲናችን እዚህ ላይ ዝም አላለም። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ በእንስሳ ላይ የተቀመጠ ሰው በእግሩ ለሚሄደው፣ የሚሄደው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶች ለብዙዎች ሰላምታ እንዲያቀርቡ ታዟል። ዑለማዎች የጋላቢውን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ከፍ ብሎ መቀመጡ ወደ ኩራት እንዳይወስደው ነው ብለዋል። ከላይ ያለው ወደ ታች ዝቅ ይላል። አንተ አሁን በቶዮታ ወይም በአይሱዙ ውስጥ ነህ፤ ከአንተ በታች ሳይክል አለ፣ ከሳይክሉ በታች እግረኛ፣ ከእግረኛውም በታች ዱላ ይዞ መንገዱን የሚዳስስ ዓይነ ስውር አለ። የእኛ መንገድ ላይ ልማዱ ተገልብጧል፤ ትልቁ ጥሩንባ ሲነፋ ትንሹ ይሸሻል። ዜብራ ላይ ቆመህ እግረኛን ብታሳልፍ ከኋላህ ያለው የሚሰድብህ አንተን ነው።

ይህ የአደብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የክብደትም ጉዳይ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ከሆነ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። ስልክህን ለሁለት ሰከንድ ብታይ ከ30 ሜትር በላይ ዓይንህን ጨፍነህ ነዳህ ማለት ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሹፌር ሳይክል ነጂን ቢገጭ እሱ የሚያጣው የፊት መብራት ነው፤ ያኛው የሚያጣው እግሩን ወይም ነፍሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ገልጿል። ይህን የምታነበው አንተ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ነህ።

እዚህ ላይ ወጣት ሹፌሮች፣ በተለይ በራይድና በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ አንድ የፊቅህ ጉዳይ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ሳያስብ ሰው የገደለ ሰው ጉዳዩ በፖሊስና በኢንሹራንስ አያልቅም። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ ላይ በስሕተት የተፈጸመ ግድያ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ የደም ካሣና ከፋራ እንዳለው ይደነግጋል፤ ከፋራው ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ይህን ያላገኘ ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ስለ ትራፊክ አደጋ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር ግዴታ እንደሆነና ሹፌር ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አስቀምጧል። ሊያስቀረው በማይችለው ነገር የተከሰተ አደጋ ሌላ ፍርድ አለው፤ ዝርዝሩን ያጋጠመው ሰው ዓሊም ይጠይቅ። «ቀይ መብራቱን ብጥስስ ምን አለበት፣ ትራፊክ የለም» የምትለዋ ነገር ግን በቀላሉ የምትታይ አይደለችም።

መቸኮል ሐራም ነው እያልኩህ አይደለም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐጅ አስብ። ከዐረፋ ሲመለሱ ከኋላቸው ግመል የሚመታበትና የሚጮህበት ሁካታ ሰሙ፤ በጅራፋቸው እየጠቆሙ ሰዎቹ እንዲረጋጉ፣ መልካምነት በማጣደፍ እንዳልሆነ ተናገሩ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ቡኻሪ ዘግበውታል። ኡሳማ (ረ.ዐ) ደግሞ በመካከለኛ አካሄድ ይሄዱ እንደነበርና ክፍት ቦታ ሲያገኙ እንደሚያፈጥኑ ተርከዋል። መንገዱ ሲከፈት አፍጥን፣ ሰው ባለበት ዝግ በል። ከዚህ የተሻለ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት የት ይገኛል?

እስካሁን ያወራሁት በብዛት ስለ ሹፌሩ ነው፤ ሳይክል የምትነዳው ወንድሜ ፈገግ ብለህ እንዳታልፍ። አንተ አስፋልት ላይ ደካማ ነህ። እግረኛ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ኃያሉ አንተ ነህ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ሳይክል ወይም ስኩተር ይዘህ በሰው መሐል ስትሽሎከለክ አንዲት አሮጊት ዞር ለማለት ፋታ አይኖራትም፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ይጥላል። ሞተርህን ደግሞ ለዓይነ ስውራን በተነጠፈው ባለ መስመር ንጣፍ ላይ አታቁም። ከሶሐቦች ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) የሚመራው ሰው እንደሌለ ነግሮ ቤቱ መስገድ ይችል እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቅ፣ አዛን ትሰማለህ ወይ ተባለ። አዎን ሲል እንዲመጣ ታዘዘ። ዛሬም ያንኑ አዛን የሚሰማ ዓይነ ስውር በየሰፈሩ አለ፤ በእርሱና በመስጂዱ መካከል ያንተ ሞተር ቆሟል።

እህቴ፣ ያንቺም ጉዳይ አለ። ሒጃቧን ለብሳ በሳይክል የምታልፍ ልጅ ከግንብ ሥር ተደርድረው ከተቀመጡ ወጣቶች የሚደርስባትን ቃል ታውቂዋለሽ። ስለ ሴት ልጅ አለባበስና አካሄድ ረጅም ንግግር የሚያደርጉ ወንድሞች የመንገድ ሐቅ ሲዘረዘር የመጀመሪያው ዓይንን መስበር መሆኑን ይረሱታል። ያውም ትእዛዙ የተሰጠው ለተቀመጠው እንጂ ለምታልፈው አልነበረም! ለእነሱ መንገድ ዳር መቀመጥ የተፈቀደው በዚህ ቅድመ ሁኔታ ነው። ካላሟሉት ቦታው የእነሱ አይደለም።

አሁን ወደ ድሮ ዑለማዎች ልውሰድህ፤ የመንገድ ክርክር የመኪና ዘመን ነገር የሚመስለው ብዙ ነውና። ኢማም አልገዛሊ በ505 ዓመተ ሒጅራ ነው የሞቱት። «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ኪታባቸው የመስጂድና የገበያ ሙንከራትን ከዘረዘሩ በኋላ ለመንገድ ሙንከራት የራሱ ክፍል ሰጥተዋል። መንገድ ላይ ምሰሶ መትከል፣ መደብ መሥራት፣ ማለፊያ የሚያጠብ ዛፍ መትከል። እንስሳን መንገድ ላይ ማሰር፤ ለመውረጃና ለመጫኛ ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ። ልብስ የሚቀድ እሾህ ጭኖ በሰው መሐል ማለፍ። ሥጋ ሻጭ ደጃፉ ላይ አርዶ መንገዱን በደም ማበላሸት። የሐብሐብ ልጣጭ መጣል። ሰው እስኪያዳልጠው ድረስ ውኃ መርጨት።

እስቲ ወደ እኛ ሰፈር መልሰው። የታሰረው እንስሳ ቀኑን ሙሉ መስመር ዘግቶ የሚውል መኪና ነው፤ ዕቃ ለማውረድ አምስት ደቂቃ መቆምና ጠዋት አቁሞ ማታ መምጣት በኪታቡም አንድ አይደሉም። እሾሁ ከፒክአፕ ኋላ ሁለት ሜትር ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እንኳ ያልታሰረበት ፌሮ ነው። የሚረጨው ውኃ መንገድ ዳር የሚታጠበው መኪና ሳሙና ነው፤ ሳይክል እዚያ ላይ ሲደርስ ፍሬን አይዝለትም። የሐብሐቡ ልጣጭ ብዙ አልተለወጠም፤ የሙዝ ልጣጭና የጫት ገረባ ተጨምሮበታል። ምሰሶና መደቡ ደግሞ ሱቁ ወደ ውጭ ያወጣው ፍሪጅና ወንበር ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው ይህ።

ከዚህ በላይ የሚደንቀኝ ግን አንድ አጭር ሐዲሥ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲወዛገቡ ሰባት ክንድ እንዲደረግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወስነዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰባት ክንድ ከሦስት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ዛሬ አንድ የመኪና መስመር ከሚሠራበት ስፋት ብዙም አይርቅም። ዑለማዎች ሲያብራሩት፣ ጭነት የያዘ እንስሳ ሲገባና ሲወጣ እንዲተላለፍ፣ ደጃፍ ላይ ያለውም እንዲበቃው ነው ብለዋል። ጉልበት ያለው ይውሰደው አልተባለም፤ በክንድ ተለካ። የመንገድ ጥል በሥነ ምግባር ምክር ብቻ እንደማይፈታ፣ ልኬትና ድንበር እንደሚያስፈልገው ከዚህ እረዳለሁ። የብስክሌት መስመር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ደካማው በጠንካራው ቸርነት ላይ ሳይንጠለጠል እንዲያልፍ የተለካ ክንድ። እዚያ ላይ መኪና ማቆም ባዶ ቦታ መጠቀም አይደለም። የተፈረደ ፍርድ ማፍረስ ነው።

«እነሱ ፈረንጆች ስለሆኑ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» የሚል ወንድም አይጠፋም። የብስክሌት አገር ሲባል መጀመሪያ የምትጠራዋ ኔዘርላንድስ ናት፤ እሷም ቢሆን እንዲሁ አልተገኘችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ እዚያች አገር 3,300 ያህል ሰው በመንገድ ሞቷል፤ ከእነሱ ውስጥ ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። ከተሞቹ በመኪና ተሞልተው፣ ሳይክል የድሃ ነው ተብሎ እየተገፋ ነበር። ወላጆች ተነስተው የልጆች መገደል ይቁም የሚል እንቅስቃሴ መሠረቱ፤ ልጆች እንዲጫወቱ መንገድ እየዘጉ ጮኹ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥታቸው መኪና የማይነዳባቸው እሑዶችን አወጀ። ዛሬ የምናየው ከዚያ ክርክር የተገኘ ነው እንጂ ከደማቸው የወረሱት አይደለም።

የነዋሪውን ነገር ሳላነሳ አልለፍ። በየሰፈሩ መኪና ሲፈጥን ነዋሪው አዋጥቶ ሲሚንቶ አቡክቶ ጉብታ ይሠራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጆቹን ሊያድን ነው። ግን ቀለም ካልተቀባ ማታ በሳይክል የሚመጣውን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። የሠርግም የለቅሶም ድንኳን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል፤ ጎረቤት ስለሆነ ማንም አይናገርም፣ አምቡላንስ ግን መዞሪያውን አያውቅም። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ ተከልክሏል። ድንኳኑ ይጣል፤ ሁለት ሜትር ማለፊያ ይተው፣ መግቢያው ላይ አንድ ልጅ ይቁም።

እኛም በጁሙዓ ያለንበት ሁኔታ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። እንደ ታላቁ አንዋር ባሉ መስጂዶች ሰፉ ግቢውን ሞልቶ ወደ ጎዳና ይወጣል። ቦታ ሲጠብ ሰፉ ተያይዞ ወደ ውጭ እንዲቀጥል ብዙ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ ይህ ችግር ያመጣው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ግን ለምንጣፉ እንጂ ለመኪናው አይደለም፤ ከተሰገደ በኋላም መንገድ መሐል ቆሞ ለግማሽ ሰዓት ለመጨዋወት አይደለም። በዒድ ሶላት ስንት ሺህ ሰው የሚያስተናብሩ ወጣቶች አሉን። በየሳምንቱ አራት ልጆች አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የብስክሌት መስመሩንና የጎረቤቶችን በር ቢጠብቁ ምን ያህል ይከብዳል? ኹጥባው እንዳያመልጣቸው የመስጂዱ ድምፅ ማጉያ ይደርሳቸዋል፤ ሶላቱ ሊቆም ሲል ይገባሉ። የመስጂዱ ጎረቤት ሙስሊም ይሁን አይሁን ጎረቤት ነው፤ ሐቁ በጁሙዓ ቀን አይቀነስም። አንተም ብትሆን ቤትህ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ከሆነ መኪናውን ተወው። ለጁሙዓ በእግር መሄድ አጅሩ የታወቀ ነው።

አሁን የቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ የሄደውስ? ባለ ሐቁን ካላወቅኩት ምን ላድርግ? ዑለማዎች ባለቤቱ ሊገኝ ያልቻለ ንብረትን በተመለከተ፣ ባለቤቱን ፈልጎ ያጣ ሰው በባለቤቱ ስም ሰደቃ እንዲያወጣለት ይናገራሉ። መስታወቱን ሰብረህ የሄድክበት መኪና፣ ጎማውን አጣመህ ያመለጥከው ሳይክል እዚህ ይገባል፤ ግምቱን አስብና አውጣ፤ ባለቤቱ ከተገኘ ግን ለእርሱ ነው። የሰደብከው፣ ያስደነገጥከው፣ ያሳለፍክበት ሰው ደግሞ ዱዓህ ውስጥ ይግባ፤ ስሙን አንተ ባታውቀውም አላህ ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ መንገዱ ራሱ አለ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አንድ ሰው መንገድ ላይ የወደቀ የእሾህ ቅርንጫፍ አግኝቶ ዞር ስላደረገው አላህ አመሰገነው፣ ማረውም። ያ ሰው ማን ከእሾሁ እንደዳነ አላወቀም። እሱም እንዳንተ ባለ ሐቆቹን አያውቃቸውም ነበር።

በሰፈርህ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ሳይኖር አይቀርም፤ ማታ ሳይክል ወይም ልጅ የሚገባበት። ዛሬ ከዐስር በኋላ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረህ ትከልበት። ሰኞ ደግሞ ወረዳው ሄደህ አስመዝግበው፤ እስኪከደን ድረስም ተመላለስ።

ወላሁ አዕለም።